መጀመሪያ ቁጭ በል

ወሬን በቀጥታ መናገር የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አውቶቡሱ አመለጠን ለማለት ጤናህን ይጠይቃል፤ ዝናብ መጣ ለማለት እጅህን ይይዛል። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠው ጓደኛዬ ነበር። "ነበር" ማለቱን አፌ ገና አልለመደውም።

ስሙን ትተን "ክቡር ቁጭ በል" ነበር የምንለው። ክፉም ሆነ ደግ፣ ማንኛውንም ወሬ የሚጀምረው "መጀመሪያ ቁጭ በል። በልተሃል?" ብሎ ነው። የስምንተኛ ክፍል ውጤት የተለጠፈ ቀን ግቢውን አቋርጦ መጣና ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ፤ የራሱን ዳቦ ገምሶ ሰጠኝ። በቃ ወድቄያለሁ እያልኩ በላሁ። ዳቦውን ስጨርስ "አልፈሃል" አለኝ።

በሠርጌ ቀንም አልማረኝም። በሩን ዘግቶ "ቁጭ በል፤ በልተሃል?" ሲለኝ ሙሽራዋ የጠፋች መስሎኝ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ለካ ክራባቴ ተጣሞ ኖሯል።

ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኖ ሱቅ ከከፈተ በኋላማ ደንበኞቹ አሳራቸውን አዩ። አንዲትን ትልቅ ሴት "እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ" ሲላቸው "ወይኔ ፍሪጄን!" ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። የተበላሸው የሶኬቱ ሽቦ ብቻ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሰው ትገድላለህ!" አልኩት። "ሰው ቆሞ ወሬ አይሰማም፤ በባዶ ሆድማ ጭራሽ" አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ ሳለሁ ሚስቱ ደወለች።

"ቁጭ ብለሃል?" አለችኝ። "ምሳ በልተሃል?"

ከት ብዬ ሳቅኩ። "በቃ አንቺንም አስተማረሽ! ምንድን ነው፣ ስኳር አለቀባችሁ?"

ከኋላዋ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ጓደኛዬ ሱቁ ውስጥ፣ የሰው ፍሪጅ እንደተደገፈ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞቷል። ጠዋት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር! ምኑም አላመመውም። እስካሁን አላምንም። ቆሜ ነበር የሰማሁት፤ እንዴት ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳልኩ አላውቅም።

ለእናቱ ማን ይንገር ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከልጃቸው ሳይለዩ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። መንገዱን ሁሉ ቃል ስመርጥ ሄድኩ፤ በቀጥታ ልነግራቸው ወስኜ ነበር። በሩን ሲከፍቱልኝ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

"እማማ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ። በልተዋል?"

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። "አንተም ተጋባብህ? ያ ጉደኛ ነው የላከህ? በል ንገረኝ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንኩ ይላል?"

በዚህ አመሉ ስንት ዓመት ሳሾፍበት ኖሬ፣ ያቺን ሳቅ አንዲት ደቂቃ ለማቆየት ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር። ወንበር ሳብኩላቸው። ወጥ ቤት ገብቼ ዳቦ ቆረስኩና አቀረብኩላቸው። እየሳቁ በሉ፤ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።