ክቡር መሥራችና ሁለቱ እባቦች

ማንኛውም ክበብ፣ የቼዝም ይሁን የመዘምራን፣ አንድ መሥራች አለው፤ መሥራቹ ደግሞ አንድ ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ ሳይሰሙ መግባት ሳያንኳኩ ሰው ቤት ዘው እንደማለት ነው።

የኛ የሰፈር ባድሚንተን ክበብ መሥራች ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። «ክቡር መሥራች» እንላቸዋለን። ስናወጣላቸው ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ከልባቸው ተቀበሉት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይመልሰው!

አዲስ ሰው ራኬት ይዞ ብቅ ሲል ክቡርነታቸው ክንዱን ያዝ ያደርጉታል። «ቆይ ልጄ፣ ተቀመጥ። ምን ላይ እንደቆምክ ሳታውቅ ነው የምትመታው?» ከዚያማ ይቀጥላል። አዳራሹ መጋዘን ነበር፤ ብቻቸውን ጠረጉት። መረብ ስላልነበረ የሳሎናቸውን መጋረጃ አውርደው ሰቀሉ። ባለቤታቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። እየቆየ ሳምንቱ በአፋቸው ወር ሆነ፤ መጋዘኑ ውስጥ ከነበሩት አይጦች መሀልም አንድ እባብ ገባ። «እባቡ ባለፈው አልነበረም እኮ!» ብላቸው፣ «አንተ ያኔ የት ነበርክና?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልነበርኩም።

የሜዳውን መስመር ያሰመሩት እሳቸው ናቸው፤ የግድግዳውን ጥመት ተከትለው። እኛ በጠማማው ተካንን። ሌላ ክበብ ሄደን ስንጫወት ቀጥ ያለ መስመር ግራ ያጋባናል፣ ተሸንፈን እንመለሳለን። «የነሱ ነው የተጣመመው» ብለው ያጽናኑናል።

ባለፈው ክረምት ጉልበታቸው ከዳቸው። ሐኪሙ ጨዋታ ከለከላቸው፤ እሳቸውም ጭራሽ ቀሩ። «የማይጫወት ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ወንበር ልሁን?» አሏት ልጃቸውን።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ እፎይ ብለን ነበር። ግን አዲስ ሰው ይመጣል፣ ይመታል፣ ላቡን ጠርጎ ይሄዳል፤ ስሙን እንኳ ሳናውቀው ይቀራል። አዳራሹ እንደገና መጋዘን መጋዘን ሸተተኝ። ናፈቁኝ፤ እባቡም ጭምር ናፈቀኝ። በየተራ እየሄድን ለመንናቸው። ወይ ፍንክች!

መላውን ያመጡት ፋርማሲስቱ ናቸው፤ ከጥንት ጀምሮ አብረዋቸው የሚጫወቱ፣ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ሰው። «ልመናውን ተዉት» አሉኝ። «ክበቡን የመሠረተው ፋርማሲስቱ ነው እየተባለ ነው ብለህ ንገረው።»

ሄጄ ነገርኳቸው። እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ሶፋ ላይ ተጋድመዋል።

«ማን?»

«ፋርማሲስቱ።»

«ያ ክኒን ቆጣሪ? መጋረጃውን ማን ሰቀለና!» ልጃቸው ከዘራ ፈልጋ እስክታመጣ እሳቸው በነጠላ ጫማ ደጅ ደርሰዋል።

የዚያን ቀን ታሪኩ ረዘመ፤ እባቡም ሁለት ሆነ። አዲሶቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ፤ ሳቁ፤ ስም ለስም ተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ የሳቸው ወንበር አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም።

የተመለሱ ቀን ማታ መረቡን ከፋርማሲስቱ ጋር ስናጣጥፍ፣ «እንዴት ያለ ውሸት ነው የፈጠሩት!» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ምን ውሸት አለው? የጀመርኩት እኔ ነኝ። መጋረጃውም የኔ ነው፣ ያኮረፈችውም የኔ ሚስት ናት። እሱ የመጣው በኋላ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ይላሉ?»

«እኔ ብናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ቁጭ ብሎ ይሰማኛል? እሱ ባይኖር ይሄ ሁሉ ሰው መች ይመጣ ነበር!»

በነጋታው አንዲት አዲስ ልጅ መጥታ ክበቡን ማን እንደመሠረተው ጠየቀችኝ። ወደ ወንበሩ ጠቆምኳት።

«እሳቸው ናቸው። ስለ እባቦቹ ጠይቂያቸው።»