እያወሩ የመሮጥ ትእዛዝ

ወደ ሩጫ እየተመለሰ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ የለም። ልብ በሉ፣ የሚሮጥ ሰው አላልኩም። የሚሮጥ ሰው ሮጦ ቤቱ ይገባል፤ ማንንም አያስቸግርም። እኔ የምለው ያንን የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ በአዲስ ቱታ ብቅ የሚለውን፣ ደረጃ ላይ ባገኛችሁት ቁጥር ሳትጠይቁት ስለ ጉልበቱ የሚያብራራላችሁን ሰው ነው። እዚህ ካያኒ በምትባለው የሰሜን አገር ከተማችን፣ በእኛ ሕንፃ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ያሉት ክቡር አቶ ኢልፖ ናቸው።

አቶ ኢልፖ ዕድሜ ልካቸውን አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ዓመት ባታቸው፣ አንድ ዓመት ወገባቸው፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሐኪም ስም ያላወጣለት ነገር ይይዛቸውና በየበረዶው ወራት እንደ አዲስ ይጀምራሉ። "እንዴት ነው ሩጫው?" ካላችኋቸው መልሱ አንድ ነው። "ገና መሠረት እየጣልኩ ነው!" እኔ መሠረት ሲጥሉ ስንት ዓመት አየሁ። ግድግዳ ግን አላየሁም።

ባለፈው ነሐሴ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ልባቸው ታመመና በአምቡላንስ ተወሰዱ። ሲነቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለምን እንደታመሙ አልነበረም። "ለላብ አደሮች ቀን እደርሳለሁ?" ነበር ያሉት። እሁድ እሁድ አብረዋቸው የሚሮጡ አምስት ጓደኞች አሏቸው፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ በሚውለው የላብ አደሮች ቀን ስድስቱም ሐይቁን ዞረው አደባባይ ላይ ቋሊማ ይበላሉ። ይህ ከቀረ ለአቶ ኢልፖ ዓመቱ ራሱ ቀረ ማለት ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በረዶው መውረድ ሲጀምር ፈቀደችላቸው። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ብቻህን አትሮጥም። ብርዱ ከዜሮ በታች ከአሥራ አምስት ካለፈ አትወጣም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እያወራህ ነው የምትሮጠው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተህ ፍጥነትህ በዝቷልና ወዲያው ቁም።

እያወራህ! የእኛን አገር ወንድ! አቶ ኢልፖ ሚስታቸውን ሲርካን ያገቡት ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ጠይቀው ነው ይባላል፤ እሷም ጭንቅላቷን ነቅንቃ ነው እሺ ያለችው።

በማግስቱ ሲርካ በሬን አንኳኳች።

"ራይሊ፣ አንቺ ጠዋት ጠዋት ትሮጫለሽ አይደል?"

"እሮጣለሁ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን። ደስ የሚለኝም እሱ ነው።"

"ጥሩ። እንግዲህ ኢልፖን ይዘሽው ሂጂ። እኔ በዚህ ዳሌዬ አልችልም። አንቺ ደግሞ እንደ ኤሊ ነው የምትሮጪው፤ ትመጣጠናላችሁ።"

ስድቡን ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። ሰው ሲታመም እምቢ አይባልም። እንዲህ አድርጌ ነው እንግዲህ ሰላሜን በገዛ አፌ የሸጥኩት።

የመጀመሪያውን ጠዋት አልረሳውም። ከበር ወጥተን ጥቂት እንደሮጥን አቶ ኢልፖ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ብርድ ነው" አሉ። ከዚያ ጸጥ። ድልድዩን አለፍን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አለፍን፣ አሁንም ጸጥ።

"አውራ እንጂ!" አልኳቸው።

"አወራሁ እኮ።"

"መቼ?"

"ብርድ ነው አልኩሽ አይደል?"

"እሱን ያልከው ድልድዩ ጋ ነው!"

"አሁንም ብርድ ነው" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር።

አፋቸው የተፈታው ስለ አሳንሰር የጠየቅኳቸው ዕለት ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ ቀን በኋላ በካያኒ ያለውን አሳንሰር ሁሉ አንድ በአንድ ተማርኩ። የትኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደሚያንገጫግጭ፣ የትኛው በሩን ቶሎ እንደሚዘጋ፣ የትኛው በማን ስንፍና እንደተበላሸ ጠይቁኝ። በዚያ ብርድ ቅንድቤ ላይ በረዶ እየጋገረ ስለ ገመድ ቅባት ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጽድቅ የሚባል ነገር ካለ እኔን አያልፈኝም።

የብርዱን ገደብ ደግሞ እንዴት አከበሩት መሰላችሁ? አንድ የጥር ጠዋት አፍንጫዬ ከፊቴ ላይ ያለ አልመስለኝ ብሎ "ስንት ነው ዛሬ?" አልኳቸው።

"አሥራ አራት" አሉ፣ ዳኛ ፍርድ እንደሚያነብ።

የእኔ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሃያ ሦስት ይላል። ነገሩ አላምር ቢለኝ ከውጭ ቆሜ መስኮታቸውን አንጋጥጬ አየሁ። ለካስ የተከበሩት ሰው ቴርሞሜትራቸውን ነቅለው የወጥ ቤቱ የሞቀ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ሥር ሰቅለውታል። ሲርካ ቋሊማ የጠበሰች ቀንማ በረዶው ሊቀልጥ ምንም አይቀረው።

ከሁሉ የከፋው ግን የበረዶ ሸርተቴው መንገድ ጉዳይ ነው። በእኛ ከተማ ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው ይቅርታ ያገኛል፤ ለበረዶ ሸርተቴ በተስተካከለ መንገድ ላይ በእግሩ የሄደ ግን እስኪሞት ይወራበታል። አንድ ቀን የእግረኛው መንገድ በበረዶ መስታወት ሆኖ ቢያስቸግራቸው አቶ ኢልፖ ዘው ብለው ገቡበት። መንገዱን በማሽን የሚያስተካክለው ታውኖ አያቸውና ከማሽኑ ላይ ዘሎ ወረደ።

"አንተ ሰውዬ! ዓይን የለህም? ከንጋት ጀምሮ የለፋሁበትን!"

"የሐኪም ትእዛዝ ነው!" አሉ አቶ ኢልፖ ሳይቆሙ።

"ሐኪም የእኔን መንገድ አበላሽ አለህ?"

"አውራ ነው ያለችኝ! ይኸው እያወራሁህ ነው!"

ታውኖ እኔን ዞሮ አየኝ። እኔ ሰውዬውን አላውቃቸውም በሚል ፊት ሩጫዬን ቀጠልኩ።

በመጋቢት የውሃ ማማው ያለበትን ዳገት ጀመርን። እዚህ ላይ የቀልዱን አንቱታ ልተወው። ዳገቱ መሐል ላይ ኢልፖ ዝም አለ።

"ኢልፖ፣ አውራ" አልኩት። መልስ የለም። "ኢልፖ!" አሁንም የለም፤ እግሩ ብቻ ይሄዳል። ጃኬቱን ጨምድጄ ይዤ አቆምኩት።  ለሲርካ ምን እላታለሁ?

"አመመህ? ተናገር! የት ጋ ነው?"

"አላመመኝም" አለ። ትንፋሹ ደህና ነበር። "ያን ቀን ሆስፒታል በአልጋ ሲያስገቡኝ፣ አሳንሰሩን ሳየው የራሴ ነው። እኔ የጠገንኩት። ቢቆምስ ብዬ ፈራሁ ራይሊ። መሞቱን አይደለም፤ ቢቆምስ፣ በእኔ ሥራ ቢቆምስ ብዬ።" ከዚያ በረዶውን እያየ "ለሲርካም አልነገርኳትም" አለኝ።

ዳገቱን በእግራችን ወረድን። የቀረውን ያወራውን እዚህ አልጽፈውም። ስለ አሳንሰር ግን አልነበረም።

የላብ አደሮች ቀን ሐይቁን ዞረ። ከስድስቱ መጨረሻ ነው የገባው፤ ግን ቀጥ ብሎ፣ ቀልቶ፣ ስቆ ገባ። ሲርካም እኔም ጮህን። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በዚያ አደባባይ መጮሃችን ከሩጫው በላይ ወሬ ሆነ። ሐኪሟም ነፃ ነህ ብላዋለች፤ ማውራት ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ዐረፈልኝ። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የምናገረው።

በተከታዩ እሁድ በሬ ተንኳኳ። ኢልፖ ነው፣ በቱታው።

"ምነው? ከጓደኞችህ ጋር አልሄድክም እንዴ?"

"ሄደዋል እነሱ።"

"አንተስ?"

"የዚያን ቀን ሐይቁን ስንዞር አንድ ቃል አልተናገሩም ራይሊ። አንድም።"

"ድሮስ ታወሩ ነበር?"

"አናወራም ነበር" አለ ትንሽ አስቦ። "ድሮ ደግሞ ምንም አይመስለኝም ነበር።" ወደ ውስጥ ዘልቆ ላለማየት ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ። "በይ ልበሺ፣ እጠብቅሻለሁ።"

"ለብሻለሁ" አልኩት።

ዞሮ እግሬን አየ። ጫማዬ ታስሯል። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንደዚያ አስሬው፣ በሩ ሥር ወንበር አድርጌ፣ የእሱን ኮቴ ከላይ ሳዳምጥ ነበር የምቀመጠው።