ባዶ ኮርቻ በአርብ ገበያ ዳገት

በይሉኝታ የሞተ ሰው አለ? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። የምጠይቀው ሰው «ይቺ ደግሞ ምን ሆናለች?» እንዳይለኝ ስለምፈራ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ለቅሶ ቤት ስሄድ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ጨጓራ ነው ይላሉ፣ ግፊት ነው ይላሉ፣ «ድንገት ነው» ይላሉ። «ይሉኝታ ነው» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ርቧችሁ ሳለ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚያሰኛችሁ እሱ ነው። እኔንማ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያሳፈረኝ፣ ከቤቴ አሳልፎ መናኸሪያ ድረስ ወስዶ በእግሬ ሲመልሰኝ ኖሯል። የምኖርባትና የማስተምርባት ንፋስ መውጫ ሰፊ ከተማ አለመሆኗ በጀኝ።

ያም ሆኖ ይሉኝታን ፊት ለፊት ያየሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ዳገት ላይ ነው። ኮርቻ ተጭኖበት ነበር።

የአባቴ አጎት የኔታ፣ መኪና ከሚደርስባት ከአርብ ገበያ ቁልቁል ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ይኖራሉ። ቄስም የድጓ መምህርም ናቸው፤ እኔን ደግሞ ፊደል አስቆጥረውኛል። ክረምቱ ሲወጣ ልባቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ «አባት፣ ከእንግዲህ ዳገት በእግርዎ እንዳይወጡ፤ ልብዎ አይችልም» ሲላቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። «እሺ ልጄ» አሉት። ኋላ ሲገባኝ፣ እሺታቸው ለሐኪሙ ይሉኝታ ነበር።

ልጠይቃቸው ወርጄ ሰንብቼ፣ ገበያ ነውና መኪና አይጠፋም ብዬ ዓርብ ማለዳ ልመለስ ስነሳ፣ በቅሏቸው ኮርቻ ተጭና ደጅ ቆማለች። የኔታም ጋቢያቸውን አጣፍተው በትራቸውን ይዘዋል።

«እሸኝሻለሁ። አንቺ በበቅሎዋ፣ እኔ በእግሬ።»

«ኧረ የኔታ! እርስዎ ይቀመጡ እንጂ እኔማ...»

«እንግዳ በእግሯ አስኪጄ እኔ በበቅሎ! ሰው ምን ይለኛል?»

አይሸኙኝ እንዳልል፣ በእኛ አገር ሽኝት እምቢ ማለት የቀረበ ማዕድ ረግጦ እንደ መውጣት ነው። ብቀመጥም እሳቸው በእግራቸው ናቸው፣ ባልቀመጥም በእግራቸው ናቸው። ሽማግሌ ከኋላዬ አስከትዬ እኔ ኮርቻ ላይ የምፈናጠጥበትን ፊት ደግሞ ከየት ላምጣ? እናም ሁለት እግረኛና አንድ ባዶ በቅሎ ሆነን ተነሳን። ከሦስታችን ያልተጨነቀችው እሷ ብቻ ናት።

ገበያተኛው ከኋላ እየደረሰ ያልፈናል።

«እንዴት አደራችሁ! በቅሎዋ ለገበያ ናት?»

«የለም፣ የመቀመጫ ናት» አሉ የኔታ።

«ታዲያ ማን ሊቀመጥባት ነው?» አለች ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት። እኔ ወደ የኔታ፣ እሳቸውም ወደ እኔ ጠቆምን። «እንግዲያው ዶሮዬን ላስቀምጣታ!» ብላ እየሳቀች አለፈችን።

ዳገቱ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ገና አልተነሳም፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ከገደሉ ጥግ የጭላዳ ጩኸት ይሰማል። የኔታ በየጥቂቱ ቆም እያሉ በበትራቸው ያሳዩኛል። «ያ ማዶ ስማዳ ነው። በዚያ በኩል ቤተ ልሔም ናት፣ ድጓ የተማርኩባት። እይ እስቲ፣ አትቸኩይ።» እኔም ደስ ብሎኝ አያለሁ። ስማዳን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሳዩኝ ግን ነገሩ ገባኝ። አገር የሚያሳዩኝ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። ከዚያ በኋላ ተራራ የማይበት ዓይን አጣሁ። በትራቸው ወደ ማዶ በተነሳ ቁጥር እኔ የማየው ከንፈራቸውን ነው። እየጠቆረ ነበር።

ብልጠት ሞከርኩ። እንዲያርፉ ብዬ ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩና «ደከመኝ» አልኩ። ፊታቸው በራ።

«እሰይ! በይ ውጪ!» ብለው እርካቡን ያዙልኝ። «ዳገት እርሙ፣ ሜዳ ወንድሙ! ከተማ ገብታ ጉልበቷን ጥላው መጣች።»

«አይ፣ አሁን ተሻለኝ» ብዬ ብድግ አልኩ። እንዲህ ፈጥኖ የዳነ በሽተኛ አገራችን ጋይንት አይታ አታውቅም።

አንዲት ወይራ ሥር ስንደርስ የኔታ እንደ ልማዳቸው በትራቸውን አነሱ። ግን ምንም አላሳዩኝም። መልሰው መሬት ላይ ተከሏትና በሁለት እጃቸው ተደገፉባት።

«የኔታ፣ ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ።»

«ሐኪሙ... የዚህ አገር ሰው አይደለም።»

«ቢወድቁስ?»

«ነፍስ ይማር ይሉኛላ።»

«እኔንስ? እኔን ምን ይሉኛል? ፊደል ያስቆጠሯትን ሰው፣ በቅሎ ከጎናቸው ባዶዋን እየሄደች፣ ዳገት ላይ ገደለቻቸው አይሉኝም? በየትኛው ፊቴ ለቅሶ እቀመጣለሁ?»

ወደ በቅሎዋ ዞር አሉ። ስለ ልባቸው እስከ ማታ ብለምን አይሰሙኝም ነበር፤ የእኔ ስም ሲነሳ ግን ሰሙ። ይሉኝታን ምክር አያሸንፈውም። የሚያሸንፈው ሌላ ይሉኝታ ነው።

«ገበያው ሳንደርስ፣ ገበያተኛው ሳያየኝ ግን እወርዳለሁ» አሉ። እኔ እሺም እምቢም አላልኩም፤ እርካቡን ያዝኩላቸውና ተቀመጡ።

እየወጣን ሳለ ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። እኔም ያኔ ዞር ብዬ አገሩን አየሁት። በእውነት ያምራል።

ገበያው ከአፋፉ ላይ ሲታየን አንዲት አቀበት ብቻ ቀርታን ነበር፤ አጭር፣ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለች። ከላይዋ እህል የሚሸጠውም የሚሸምተውም ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቆሟል። ከተማሪዎቼ ወላጆችም የሚጠፉ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ የገዛ እግሬ የሚጠላለፍብኝ ነኝ።

«ያዥልኝ ልውረድ፤ አየን እኮ ሰዉ!» አሉ የኔታ፣ በእግራቸው እርካቡን እየፈለጉ።

ልጓሙን እጄ ላይ ጠቀለልኩት።

«ልጄ! ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል፣ የኔታ» አልኩና በቅሎዋን እየሳብኩ ሽቅብ፣ ወደ ገበያው መሃል ገባሁ።