የ«ምንም አይልም» ሹም እና የጎማ ጀልባው

የቅጣው እጆች ማስቲሽ በማስቲሽ ሆነዋል። በግራ አውራ ጣቱ ሰማያዊውን የጎማ ጀልባ ወጥሮ ይዞ በቀኙ ክብ ቁራጭ ላስቲክ ይለጥፋል። ለጥፎ በመዳፉ ይመታዋል፤ መትቶ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ይልና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ምንም አይልም» ይላል።

ገበያ የሌለው ቀበሌ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያ የሌለውም አይቻለሁ። «ምንም አይልም» የሚል ሰው የሌለበት ቀበሌ ግን አላየሁም፤ ያለም አይመስለኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎማው እንደ ራስ የተላጨ ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው እሱ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል ሳይፈልግ ይወጣል፤ እንዴት እንደሚወርድ የሚያስበው ከወጣ በኋላ ነው። የተበጠሰ የመብራት ሽቦ በጥርሱ ይልጣል። በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ እኛ እግር ሥር ተቀምጠን ስንተክዝ፣ እሱ በሽተኛውን ከአልጋ አስነስቶ እስከ በር ያስኬደዋል። ዋግ በየዘመኑ ሹም ነበረው ይባላል። የኛ ሰፈር ሹም ክቡር አቶ ቅጣው ነው፤ የምንም አይልም ሹም፣ የአይዞህ አበጋዝ፣ የዋግ ዝቋላ ቆላ ጌታ።

ቅጣው ግቢዬ የገባው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። ሰዎችን በተከዜ ላይ በጎማ ጀልባ የሚያስጎበኝ ትንሽ ድርጅት እዚህ ሰቆጣ ተከፍቷል። ዝናቡ ቆሞ ውሃው ሳይጎድል፣ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እንግዶች ይመጣሉ። ጀልባው ላይ ይቀመጡና ወንዙ በቋጥኝ መሀል እየተናጠ በሚወርድበት አብረው ይወርዳሉ። ለዚህም ይከፍላሉ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ተርፈው ሲወጡ የሚከፈላቸው እነሱ መስሎኝ ነበር።

ድርጅቱ ዕቃውን የሚያዘጋጅበት ሰፊ ግቢ ሲፈልግ የኔን ሰጠሁ። ለኪራዩ ብዬ አይደለም። የልጅ ልጄ ሠርካለም ከስድስቱ ቀዛፊዎች አንዷ ሆና ተቀጥራ ነበር፤ የምትሄድበትን ነገር በዓይኔ ልየው ብዬ ነው። እናቷ፣ ልጄ ትርፌ፣ ዐረብ አገር ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሠርካለምን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አምና ጓደኛዋ አምሳለ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግራ ስትሄድ የኔዋም ልቧ ተነስቶ ነበር፤ ልብሷን በቦርሳ አድርጋ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ አገኘኋት። ያቆማት ይሄ የጀልባ ሥራ ነው። ስለዚህ እኔ አሁን በሁለት ውሃ መሀል ነኝ። ባሕሩን አይቼው አላውቅም። ተከዜን አውቀዋለሁ፤ ማወቄ ግን አላሳረፈኝም።

ልምምዱ የተጀመረው በደረቅ መሬት ነው። ጀልባው ግቢዬ መሀል ይነፋል፣ ስድስቱም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያና ሄልሜት አጥልቀው ይቀመጡበታል፣ ስድስተኛው ክቡር አቶ ቅጣው ከኋላ ሆኖ «ግራ! ቀኝ! ሁላችሁም!» ይላል፤ ልጆቹ አየር ይቀዝፋሉ። ዶሮዎቼ በዚያ ሳምንት እንቁላል አቆሙ። ጎረቤቴ ብዙነህ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠይቀኛል።

«እመት ቦሰና፣ ጀልባው የት ደረሰ?»

«እዚያው ነው።»

«ትናንትም እዚያው ነበር። በዚህ ዓይነት ኒሯቅ ከተማ የሚደርሱት ለፋሲካ ነው።»

እኔ አልሳቅሁም። እኔ የማየው የሠርካለምን አንገት ነበር፤ የሰደርያዋ ማሰሪያ ላልቷል አልላላም እያልሁ። ለቅጣው ስነግረው በሁለት ጣቱ ጎተት አደረገና «ምንም አይልም» አለኝ።

«አዞውስ?» አልሁት።

«አዞ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀን ይተኛል። ይሄን ሥራውን የሚተው ፍጥረት አይደለም፣ እመት።»

«ማታስ?»

«ማታ እኛ የለንም።»

ይሄን ሰው ድርጅቱ ዋና ቀዛፊ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጣው በጉብዝናው ጊዜ ሰው በተከዜ ላይ በስልቻ ያሻግር ነበር። የፍየል ቆዳ ስልቻ በአፉ ይነፋል፣ አፉን በጠፍር ያስራል፣ ተሻጋሪውን ስልቻው ላይ በደረቱ ያስተኛል፣ እሱ ከጎን እየዋኘ ይገፋል። ሙሽራ አሻግሯል። ታቦት የሚሸኝ ቄስ አሻግሯል። አንድ ጊዜ የዳኛ ፋይል በራሴ ላይ አስሬ አሻግሬአለሁ ይላል፤ ፋይሉ ደርቆ ደረሰ፣ ባለ ጉዳዩ ግን እርጥብ ሆኖ ተፈረደበት። እንዲህ ሲያወራ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። እኔም እየሰማሁ የሠርካለምን ማሰሪያ አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ቅጣው ጀልባውን ነፋው። ድርጅቱ የአየሩን ልክ የሚያሳይ መለኪያ ሰጥቶታል። መለኪያው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የሱ መለኪያ ጣቱ ነው። ስልቻ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ካልጮኸ ሰው አይጭንም፤ ስለዚህ ጀልባውንም ከበሮ እስኪሆን ነፋው። በተለይ ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጠውን፣ ሠርካለም የምትቀመጥበትን ወፍራም ቱቦ፣ ሦስት ጊዜ እየመታ ጨመረበት። ልጆቹ ሲቀዝፉ ቆዩና በሶ ሊበጠብጡ ወደ ጥላው ሄዱ። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ወጣ፤ በዚህ ወር እንደሚያደርገው፣ ዝናብ ያስቀረበትን ሁሉ በአንድ ቀን ሊከፍል።

እኔ ጀልባውን አያለሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

«ቅጣው፣ ይሄ ነገር እያበጠ ነው።»

«ጠግቦ ነው፣ እመት። ምንም አይልም።»

«መጋጠሚያው ነጭ ሆኗል።»

«ፀሐዩ ነው።»

«ታዲያ ተከዜ ፀሐይ የለም?»

«ተከዜማ ፀሐይ ብቻ ነው» አለና ሳቀ። ሳቁን አልጨረሰውም። ቱቦው ፈነዳ።

የኛ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ አይወድም። በሮች ተዘጉ፣ ሕፃናት ተጠሩ፤ ብዙነህን አጥሩ ሥር በደረቱ ተኝቶ አገኘነው። ማንም አልተጎዳም። ሌላ ቱቦ ግቢዬ ጥግ ካለው የዕቃ መጋዘን ወጥቶ ይተካል፤ ድርጅቱ ለዚህ ብሎ ያስቀመጠው ትርፍ አለ። ነገር ግን ሠርካለም ከዚያ ቱቦ ላይ የተነሳችው በሶዋን ለመጠጣት ነው። ኩባያው ገና እጇ ላይ ነበር።

ቅጣው አፉን ከፈተ። ዓይኔን አየና ዘጋው።

«አትሄጂም» አልኋት ሠርካለምን፣ ቤት ከገባን በኋላ።

«እሺ፣ እናና። አልሄድም።» ኩባያውን አጥባ ደፋችው። «ለአምሳለ እደውላለሁ።»

«ሠርካለም።»

«አምሳለ በተሻገረችበት ጀልባ ሰደርያ የለበሰ አንድም ሰው እንዳልነበረ ያውቃሉ? እኔ ወንዝ የሚያውቁ አምስት ሰዎች መሀል ነው የምቀመጠው። እዚህ የሚያቆየኝ ሌላ ምን አለ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

የነበረኝ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ደመወዝ አይሆንም።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቅጣውን ግቢው ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። አዲሱን ቱቦ ገጥሞታል። በባልዲ የሳሙና አረፋ አለው፤ በጨርቅ እየነከረ መጋጠሚያውን ሁሉ ይቀባል፤ አየር የሚያወጣ ቦታ ካለ አረፋው እንዲነግረው። አላየኝም። እየቀባ በኽምጣኛ ያንሾካሹካል። ኽምጣኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ቆሜ ሰማሁ። የስድስቱን ስም ይጠራል፤ ሠርካለም፣ መልሰው፣ ማዕረግ እያለ፤ በየስሙ መሀል «አደራህን» ይላል። የራሱን ስም መጨረሻ ላይ ጠራው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያልተጋበዘ ሰው እንደሚገባ።

ሳልሁ። ደነገጠ፤ ጨርቁን ጣለ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ በር ሄደና ድርጅቱ የለጠፈውን ወረቀት እያሳየኝ፣

«እመት፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ» አለኝ።

ሰማዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደመና ነበር። ሰበቡን አወቅሁት። እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲሰጠኝ የምለው «ጭሱ ዓይኔን ወጋኝ» ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ረጅም ወረቀት እስካሁን ያደክመኛል። ይችን ወረቀት ራሷን በየቀኑ ባልፍባትም ርእሷን ብቻ አንብቤ ትቻት ነበር። አሁን በጣቴ እየተከተልሁ እስከ ታች ሄድሁ። አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ «በብርድ የተነፋ ጀልባ ፀሐይ ሲያገኘው አየሩ ይሰፋል። እንዳይፈነዳ በመለኪያ እየታየ አየር ይቀነስለት።»

ቅጣው ባልዲው አጠገብ ተቀመጠ።

«ስልቻ ቆዳ ነው» አለ። «ሲወጠር ራሱ ያስተነፍሳል። ይሄም እንደዚያ መስሎኝ። ልጅቷ ተቀምጣበት ነበር።»

«ነበር።»

«ስልቻ ላይ ሰው የሚያሰጥመው ውሃው አይደለም፣ እመት። ፍርሃቱ ነው። የፈራ ሰው አንገቴን ያንቀኛል፣ ሁለታችንም እንሄዳለን። ስለዚህ ገና ከዳር ‹ምንም አይልም› እላለሁ፤ እስክንሻገር እላለሁ። አሻግሬ ስጨርስ ከድንጋይ ጀርባ ሄጄ አስታውካለሁ። ሃያ ዓመት እንዲያ ነው የሠራሁት።»

«እዚህ ደረቅ መሬት ላይስ ለምን ትለዋለህ?»

«እርስዎ ሲያዩኝ አንገቴን የያዙኝ ይመስለኛል።»

ያን ጊዜ ነው እጆቹን ያየሁት። ሳሙናው ደርቆባቸዋል፤ እያወራም መጋጠሚያውን ይዳብሳሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፉን ስሰማ እጆቹን አላየሁም ነበር። የለጠፉትን መልሰው የሚመቱ፣ የመቱትን የሚያዳምጡ እጆች ናቸው። አፉ እንጂ እጆቹ አንድም ቀን «ምንም አይልም» ብለው አያውቁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ወረቀቱን አነብለታለሁ። አንድ መስመር አነባለሁ፤ ሄዶ ያደርጋል፤ ተመልሶ ይቆማል፤ ቀጣዩን አነባለሁ። አሁን አሥራ አንዱንም መስመር በቃሉ ይዞታል፤ አራተኛውን ግን ሁለት ጊዜ አስነብቦ ነው የሚሄደው። መለኪያው ከምስማሩ ወርዶ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እንደ ማተብ። ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ሮጦ አየር ይቀንሳል። ብዙነህ፣ «እመት፣ ጀልባው ከሳ» ቢለኝ፣ ቅጣው ቀድሞኝ «አንተ ዝም በል፣ አንተ በአንድ ቱቦ ድምፅ በደረትህ የተኛህ ሰው» አለው። የሠርካለምን ማሰሪያ ጎተት አድርጎ አያልፍም፤ ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። ከዚያ ወደኔ ዞር ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ምንም አይልም፣ እመት» ይላል። እኔም አሁን ትርጉሙ ስለገባኝ፣ አብሬው እፈራለሁ። ሁለት ሆኖ መፍራት ይሻላል።

ትሂድ አልሁ። ስነግራት አቀፈችኝና «አይፍሩ» አለችኝ። «ምንም አይልም» አልኋት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥሁ፤ ከጀርባዋ በሩን ያዝሁ። እሷ አላየችም። ሙያው ይሄ ነው ለካ።

የመጀመሪያው ጉዞ ከመስቀል በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። እንግዳ የለበትም፤ ውሃውን ለማየት ነው። ይሄን የምጽፈው አራት ቀን ሲቀረው ነው። ቦርሳዋ አልጋዋ ሥር የለም፣ ልብሷም ወደ ሳጥኑ ተመልሷል፤ አይቻለሁ።

እናንተ በዚያ ሐሙስ በተከዜ ድልድይ የምታልፉ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሹፌሩን ለአፍታ አስቁሙት። ወደ ታች እዩ። ሰማያዊ ጀልባ ሲያልፍ ሄልሜቶቹን ቁጠሩልኝ። ከኋላ የተቀመጠው፣ አፉ የማይዘጋው፣ ቅጣው ነው፤ ከሱ ፊት በግራ በኩል የኔዋ ናት። እሱን ጨምሮ በጠቅላላ ስድስት ናቸው። ስድስት ከሆኑ ሰቆጣ ስትደርሱ እመት ቦሰና ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰው ሁሉ ቤቴን ያሳያችኋል። ስድስት ካልሆኑ ግን ወደኔ ከመምጣታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቁጠሩ።