የትከሻዬ ተቆጣጣሪ

በየቤተሰቡ ሥራውን ሥራ ቦታው ትቶ መምጣት የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ሰላም ሳይልህ እጅጌህን ይለካል፤ መምህር ከሆነ ልቅሶ ቤት ገብቶ «ዝም በሉ!» ይላል። እነዚህስ ይቻላሉ። የእኛ ቤት ዕጣ የወጣው ግን ለፊዚዮቴራፒስት ነው።

ክብርት የወንድሜ ሚስት ሰውን በፊቱ ሳይሆን በአንገቱ ነው የሚያውቁት። ታክሲ ከተሳፈሩ የሾፌሩን ወንበር ሳያስተካክሉ አይወርዱም። አንድ ቀን የሟች አያታችንን ፎቶ አይተው፣ «ምነው ያኔ ባገኘኋቸው! አንገታቸው እኮ ወደ ፊት ወጥቷል» ብለው ከልባቸው አዘኑ።

እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ እንዳቀረቀርኩ እውላለሁ። ማይግሬን የሚባል ባላጋራም አለኝ። ሲነሳብኝ ብርሃን ይወጋኛል፣ የሳሙና ሽታ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። የትልቋ ልጄ ምረቃ ዕለት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ዓይኔ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥዬ ዋልኩ። ማታ መጥታ «ምንም አይደል አባዬ» አለችኝ። ከራስ ምታቱ ይልቅ ያመመኝ ይኼ ነው።

የትንሿ ምረቃ ሲቃረብ ፈራሁ። ሐኪሜ ከመድኃኒቱ ጋር የአንገትና የትከሻ ሕክምና ቢጨምርልኝ፣ እጄን ለክብርትነታቸው ሰጠሁ።

«ጋሼ፣ ትከሻዎን ከጆሮዎ ያውርዱልኝ!»

«አልሰቀልኩትም እኮ።»

«ታዲያ ማን ሰቀለው?»

ማጅራቴን በአውራ ጣታቸው እየፈለጉ ሲጫኑት ነፍሴ ወጥታ ትመለሳለች። አገጬን ወደ ኋላ ስቤ እንድቀመጥ፣ ከወረቀቱ ላይ በየመሃሉ ቀና እንድል አዘዙኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ኩራት የጀመረኝ መሰላቸው። ደግነቱ ሕመሙ መራራቅ ጀመረ።

በደስታ ሰክሬ፣ ቤተሰብ ምሳ ላይ እንደተሰበሰበ፣ «ይቺ የወንድሜ ሚስት ገላገለችኝ! መድኃኒቱንም ትቼዋለሁ» አልኩ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ምስጋናውን ደረቱን ነፍቶ ይቀበል ነበር። እርሳቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ማን ገላገለዎት? እኔ አጋዥ ነኝ እንጂ አዳኝ አይደለሁም። መድኃኒት ያቆሙት ማንን አማክረው ነው? ሐኪምዎን ሳያዩ እኔ ጋ እንዳይመጡ!»

ሰው ፊት በመቆጣታቸው አኮረፍኩ፤ ግን ሄድኩ። ሐኪሜም የእርሳቸውን ቃል ደገመልኝ። አሁን ሳስበው፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ የሚቆጣልኝ ሰው ብዙ የለኝም።

የምረቃው ቀን ጠዋት ጆሮ ግንዴን ነዘር አደረገኝ። መድኃኒቴን ዋጥኩ፣ አንገቴን እንደተማርኩት አፍታታሁ፣ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የልጄ ስም ሲጠራ ብድግ ብዬ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ተመልሼ ስቀመጥ ዞር አልኩ። ሰው ሁሉ መድረኩን ያያል፤ ክብርት የወንድሜ ሚስት ግን ከኋላዬ ተቀምጠው ማጅራቴን እያዩ ያለቅሳሉ። ምን ብዬ ላመስግናቸው? ባመሰግን እንደገና ሊቆጡኝ ነው።

ፊቴን ወደ መድረኩ መለስኩና፣ ሆን ብዬ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቀልኩት።

«ጋሼ!» አለ ወዲያው ከኋላዬ፣ ዕንባ የተናነቀው ድምፅ።