መብራት የጠፋበት ቢንጎ

መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ተቀምጦ የሚመርጥ ሰው አለ ብዬ አምናለሁ። አለዚያማ ጢሜን ግማሹን ስላጭ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷ ስትቀመጥ፣ እንዴት እንዲህ ለክቶ ይጠፋል? ይኼን ሰውዬ ስንቴ ረግሜዋለሁ! ከአንድ ቅዳሜ ወዲህ ግን እርግማኔን አንስቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ባለቤቴ ታደለች የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር አጠገብ የመሸንቲ ሰው ነኝ፤ እሷን ያገኘኋት አርባ ምንጭ ለሥራ ተመድቤ ሳለሁ ነው። ባሕር ዳር ተዛውሬ ይዣት ከመጣሁ ዓመት አልፎናል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ከጎረቤት ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራትም። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ወይ ዝውውር ጠይቀህ እንመለስ፣ ወይ ብቻዬን እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ አለች። ደነገጥሁ። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ትተን የት እንሄዳለን አልኋት። ሐይቅ እኛም አገር አለ፣ ያውም ሁለት፣ አለችኝ።

እንዲህ ተጨንቄ ሳለሁ ነው ሐይቁ ዳር ያለው የሰፈራችን ክበብ የሙዚቃ ቢንጎ ያዘጋጀው። ጨዋታው ቀላል ነው። ካርዱ ላይ በቁጥር ፈንታ የዘፈን ዓይነት ተጽፏል፤ የሠርግ፣ ትዝታ፣ የጎንደር፣ የጉራጌ፣ የጋሞ እያለ ይቀጥላል። አባሉ ከየአገሩ የመጣ ደሞዝተኛ ስለሆነ ኮሚቴው ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም ከቶበታል። በድምፅ ማጉያው የተለቀቀውን ዘፈን ካርድህ ላይ ካገኘኸው ሽምብራ ታስቀምጥበታለህ፤ አንድ መሥመር የሞላለት "ቢንጎ!" ይላል። ሽልማቱ ለሁለት ሰው የጀልባ ሽርሽር ነው። ኮሚቴው ሽምብራውን ቆልቶ ያቀረበው ምን አስቦ እንደሆነ ግን እንጃ፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ምልክቴን በልቼዋለሁ።

እኔ ትዝታ ብቻ ቀረኝ፤ ታደለች የጋሞ ብቻ ቀራት። ይኼኔ ሰውየው መብራቱን ድርግም አላደረገውም!

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ደርሶ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ በሉ እንግዲህ ዘፈኑን እናንተው አውጡት አሉ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁሉም ካርዱ ላይ የጎደለችውን ዘፈን ማውጣት ጀመረ! ሠርጉና ጉራጌው በጨለማ ተደበላለቀ። ጋሽ ደርሶ ጠረጴዛ ደብድበው አዲስ ሕግ ደነገጉ፤ አንድ ሰው በየተራው ያወጣል፣ ቤቱ ካልተቀበለው ዘፈኑ አይቆጠርም።

ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ። በትዝታ ማን ያህለኛል? አንዱን ስንኝ ሳልጨርስ ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ ምነው ሰውየውን አመመው እንዴ ብላ ጠየቀች። ተቀመጥሁ።

ታደለች አልነሣም ብላ ነበር። የእኛ አገር ዘፈን ያለ ተቀባይ አይዘፈንም፣ እዚህ ማን ይቀበለኛል ትላለች። ጋሽ ደርሶ ግን፣ ተነሽ እንጂ ልጄ፣ ተራሽ ነው አሏት። ተነሥታ በጋሞኛ ጀመረች። አንድ ዙር ዘፈነች፤ ማንም አልመለሰም። ዛሬ ዝም ካሏት ነገ ሻንጣዋን እንደምታነሣ አውቃለሁ። እኔው ልቀበላት አፌን ስከፍት አንዱ ባበራው የስልክ መብራት አየችኝና እባክህ ተወኝ በሚል ዓይን አፈጠጠችብኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ የሺ፣ አሣ ነጋዴዋ፣ ማጨብጨብ ጀመሩ። ቃሉን ከየት ያውቁታል? የሰሙትን እንደ ምንም እያጣመሙ መለሱላት። ታደለች ሳቀችና ደግማ አወጣች። አሁን ቤቱ በሙሉ ተቀበላት። ጭብጨባ የሰማ የጎጃም ትከሻ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ጋሞኛውን በእስክስታ አስኬዱት። የታደለችን ካርድ ነጥቀው "ቢንጎ!" ያሉትም እትዬ የሺ ናቸው። እኔ በጨለማው ተከልዬ አለቀስሁ፤ ምን ያሳፍራል? መብራቱ መጥቶ ድምፅ ማጉያው ያቋረጠውን ቢጀምር፣ ሰው ሁሉ አጥፋው እያለ ጮኸበት።

ሽርሽሩ ለሁለት ሰው ነው ብያችሁ የለ? ታደለች ከእትዬ የሺ ጋር ሄደች። እኔ ከዳር ሆኜ እጄን አውለበለብሁ። ዛሬ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ክበቡ ውስጥ ዘፈን ታስተምራለች፤ በቀረው ቀን ጎረቤቱ እየተሻማ ይጠራታል፤ እኔ ሽሮዬን እያሞቅሁ ብቻዬን እበላለሁ። በቀደም ቢብስብኝ፣ ለመሆኑ ያን ዝውውር ብጠይቅስ አልኋት።

ነጠላዋን እየደረበች፣ ምን ጎደለህ፣ ሐይቅ እንደሆነ እዚህም አለ፣ ብላኝ ወጣች።