ግንቦት፣ መርሳና ገበር ያለው ኮት

እኔ የምለው፣ ይህ ሙቀት እናንተንስ እንዴት ይዟችኋል? ወልድያ ዘንድሮ ሰው ሰላምታ ትቷል። ድሮ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ ተብሎ ተብሎ ነበር ወደ ጉዳይ የሚገባው። አሁን ሱቄ ደጃፍ የሚደርሰው ሁሉ ግንባሩን በእጁ ጠርጎ “ኧረ ሙቀቱ!” ይላል። እኔም “ኧረ ሙቀቱ” እላለሁ። በቃ፣ ተሰላለምን ማለት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ሙቀትን አይወድም። የለበሰውን ስለ ማውለቅ የሚያስብ ሰው ምን ብሎ አዲስ ያሰፋል? ስለዚህ በግንቦት ከምሰፋው የማወራው ይበልጣል። ባለፈው ሰሞን አንድ የማውቀው ሰው ባጃጅ አስቁሞ ገባ። ወዴት ነው ቢባል፣ ዝም ብለህ ንዳው፣ እኔ የምፈልገው ነፋሱን ነው አለ አሉ። ሳቅሁበት። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ቀናሁበት።

ልጄ ደግሞ በስልኳ የአየሩን ሁኔታ አሳየችኝ። ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ያለው ሙቀት ነው፣ ሁለተኛው የሚሰማህ ሙቀት ነው አለችኝ። እኔ የሚሰማኝን ይህ ዕቃ በምን አወቀ? እናቷ ስንት ዘመን አብራኝ ኖራ የሚሰማኝን አታውቅም።

ታዲያ በዚህ ሰሞን ሱቄ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ከጂዳ የተመለሰ አንድ ደንበኛዬ ጀመረው። ሙቀት ሁለት ዓይነት ነው አለ። ወበቅና ደረቅ። የጂዳ ወበቅ ታጥበህ ስትወጣ በር ላይ ጠብቆ መልሶ የሚያጥብህ ነው፤ ፎጣውም ራሱ ያልበዋል አለ። ሪያድ ግን ደረቅ ነው፤ ያቃጥልሃል እንጂ አያፍንህም፤ ጥላ ካገኘህ ሰው ትሆናለህ። ስለዚህ ደረቅ ሙቀት ይሻላል ብሎ ፈረደ።

ወደ አፋር ወርዶ ግመል የሚያመጣ ሌላ ደንበኛ ደግሞ አልተዋጠለትም። ወበቅ ቢያንስ ላብህን ያሳይሃል አለ። ደረቁ ግን ላብህን ከቆዳህ ላይ ይሰርቅሃል። ደህና ነኝ ብለህ ስትሄድ ስትሄድ፣ ድንገት መንገዱ ዳር ራስህን ተጋድመህ ታገኘዋለህ። ፊት ለፊት የሚመታህ ጠላትና ከኋላ የሚመጣ ጠላት፣ የቱ ይሻላል?

እስከ ዙህር ሶላት ተከራከሩና ዳኛ አደረጉኝ። አንተ ምን ትላለህ አሉኝ። ባለቤቴ ዘሀራ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ ትጠልፋለች። መርፌዋ ቆመ። እኔም መቀሴን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

እኛ ቤት ይህ ጥያቄ አይነሣም። ለምን? እሱን ላውጋችሁ።

ዘሀራ የመርሳ ልጅ ናት። ያን ጊዜ መርሳ ማለት ለእኛ ለወልድያ ልጆች ማንጎ ማለት ነበር። ሲሪንቃን አልፋችሁ ቁልቁል ስትሉ አየሩ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ሙቀቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ የበሰለ ፍሬ ሽታ። የመስኖው ቦይ ከቤቱ ጀርባ እያጉረመረመ ያልፋል። ፍሪጅ የለም። ውሃውን በጀሪካን ሞልተው፣ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያ የጠጣሁትን ውሃ ያህል ጥርሴን ያቀዘቀዘው የለም። አሁን ልጆቼ ከፍሪጅ አውጥተው የሚሰጡኝ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ግን ጣዕሙ የት አለ? እንዲህ ስል ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ዘሀራ ለዒድ ቀሚስ ልታሰፋ ከእናቷ ጋር ወልድያ መጣች። ልኳን የለኳት እናቷ ናቸው። እኔ የተባልኩትን ቁጥር ብቻ ጻፍኩ፤ ቀና ለማለትም አልደፈርኩም። ቀሚሱ ግን ትንሽ ጠበበ። ተመልሳ መጣች። ሲስተካከል ደግሞ ትንሽ ሰፋ። ተመልሳ መጣች። ልብስ ሰፊ ሲሳሳት ሁልጊዜ ሳያውቅ የሚሳሳት እንዳይመስላችሁ። በዚህ ተግባባን፣ ሽማግሌም ልልክ ተነሣሁ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አጎቴ ሐጅ ኑሩ አሉ፤ ንግግራቸው ከአደም ጀምሮ ካልመጣ የማይጥማቸው። ጎረቤታችን አቶ ደምሴ አሉ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመረጥ ምላሱ እንጂ ሃይማኖቱ አይጠየቅም። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ብዙ ባይናገሩም ራሳቸውን ጥሩ አድርገው ይነቀንቃሉ።

አሁን የእኔን ጥበብ ተመልከቱ። ሽማግሌዎቼ አማቶቼ ፊት እንዳያንሱብኝ ብዬ ለሦስቱም አዲስ ኮት ሰፋሁ። ወፍራም ጨርቅ። ገበር ያለው። እንዳይታጠፍ ብዬ ደረቱ ላይ ማጠንከሪያ ጨመርኩበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ወልድያ የጠዋቱ ብርድ ላይ ሲለኩት አምሮባቸዋል። በላዩ ላይ ጋቢ ደረቡበት። ሦስት ባለሥልጣን መስለው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ወሩ ግንቦት መሆኑን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ሚኒባሱ ውስጥ ደግሞ መስኮት አይከፈትም። ታውቁት የለ የአገራችንን ነገር? ሰው ከሙቀት ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ሲሪንቃ አካባቢ አስተማሪው መስኮቱን በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት፣ ሐጅ ኑሩ ብርድ ይመታናል ብለው አስዘጉት። መርሳ ሲደርሱ ከጋቢው ውስጥ ፊታቸው ብቻ ብቅ ብሎ በላብ ያብረቀርቃል።

እኔ መሄድ አልነበረብኝም። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ግን በሌላ መኪና ተከትያቸው ወርጄ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥኩ። የማንጎ ጭማቂ አዘዝኩ። አልወርድ አለኝ። እንቢ ካሉኝ ምን እሆናለሁ? ዘሀራን ለመርሳ ነጋዴ ልጅ የሚጠይቁ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። አባቷ ጋሽ ይመር ደግሞ ለልጃቸው የሚሳሱ፣ የሞላላቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ደንቡን አውቀዋለሁ። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ሲመጡ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። የሽማግሌ ጫማ ካላለቀ ልጅቱ ረከሰች ነው የሚባለው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሽማግሌዎቼ ናቸው። ጋሽ ይመር እንግዶቹን በግንቦት ቀትር በኮትና በጋቢ ሲያዩ ደነገጡ። ስስ ሸሚዝና ሽርጥ ለብሰው ነበር። ወዲያው ወደ ጓዳ ገብተው እሳቸውም ኮታቸውን ለበሱ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ። እንግዳ አክብሮ ሲመጣ ባለቤት በሸሚዝ ይቀበላል? አሁን አራት ሰው በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ተቀመጠ። እንግዶቹ እንዳያወልቁ ባለቤቱ ለብሰዋል። ባለቤቱ እንዳያወልቁ እንግዶቹ ለብሰዋል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ውሃስ? ውሃ ቀረበ። ግን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እህል ውሃ አይቀምስም። ያ ከዛፍ የወረደ የጀሪካን ውሃ ፊታቸው ቁጭ ብሏል። አቶ ደምሴ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ላይ መንቀል አቅቷቸው ነበር አሉ።

ሐጅ ኑሩ ንግግር ጀመሩ። ከአደም ተነሡ። ላቡ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ነቢያት ዘለው በቀጥታ ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል ላይ አረፉ። እንዲህ አሳጥረው ተናግረው አያውቁም። አስተማሪው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሽማግሌዎቼ ቀጠሮውን እየጠበቁ ነው። ዘመድ ላማክር የምትለዋን ቃል። እሳቸው ግን ቀና አሉና “ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ውሃ ጠጡ” አሉ።

አቶ ደምሴ ግራ ገብቷቸው ቀጠሮውስ ሊሉ ሲሉ ሐጅ ኑሩ በክርናቸው ጎሸሟቸው። ዱዓ ተደረገ፣ ውሃው ተጠጣ፣ እንደገና ተጠጣ። እኔ ጭማቂ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ሦስቱም ጋቢያቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ሸሚዛቸው ርሶ ሲመጡ አየሁ። ውሻ ያባረራቸው ነው የሚመስሉት። በቃ ተከለከልኩ አልኩ። ሐጅ ኑሩ አጠገቤ ደርሰው ያሉት፣ እንኳን ደስ ያለህ ሳይሆን፣ ይህን ኮት የሰፋ እጅ ይቆረጥ ነው።

እንግዲህ ወሬው ከሠርጉ ቀድሞ ወጣ። ይመር ልጁን በላብ ሰጠ ተባለ። ጋቢውን ለማውለቅ ሲል ነው ተባለ። የጋሽ ይመር ወዳጆች መስጊድ ደጃፍ ላይ ሳይቀር ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሙቀቱ አይደል ወይ ብለው አብረው ይስቃሉ።

እኔ ደግሞ ይህን ታሪክ ስንት ዓመት አወራሁት! በየሠርጉ፣ በየዒዱ፣ ሱቄ ለሚገባው ሁሉ። በአፌ ላይ ሙቀቱ እያደገ ሄዶ ወበቅ ሆነ። ደረቅ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ጋሽ ይመር ይችሉት ነበር፣ ወበቁ ነው የዳረኝ፣ ወበቅ ይባረክ እላለሁ። ሰው ይስቃል። ዘሀራ አትስቅም።

ለካ እሷ ዘንድ ቀልድ አልነበረም። የጓደኞቿን አባቶች ሽማግሌ ሲያመላልሱ አይታለች። አንዷን ክረምት ከበጋ ነው የለመኗት። በተጣላን ቁጥር ዘሀራ እኔ እኮ በአንድ ቀን የተሰጠሁ ነኝ ትላለች። አንድ ጊዜም አልቅሳ፣ አባቴ ለጋቢው የሳሳውን ያህል ለእኔ አልሳሳም አለችኝ። ያን ቀን ወሬዬን ማቆም ነበረብኝ። ሳቅ የለመደ አፍ ግን መቼ ያርፋል?

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ይመርን ልንጠይቅ መርሳ ወረድን። ሐጅ ኑሩም አቶ ደምሴም አልፈዋል፤ አስተማሪውም ከቤት አይወጡም። በዚያ መንገድ ስወርድ ሁልጊዜ ይናፍቁኛል። የሚኒባስ መስኮት ተከፍቶ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ፣ ዝጉት የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ። የማንጎው ዛፍ ተቆርጦ ቤት ተሠርቶበታል። ጋሽ ይመር አርጅተዋል፤ ግን ጆሯቸውም ነገራቸውም ደህና ነው። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔም አላርፍ ብዬ የደንበኞቼን ክርክር አመጣሁት። እርስዎ ምን ይላሉ፣ ደረቁ ይሻላል ወበቁ አልኳቸው።

ዘሀራ ቀድማኝ ገባች። የተሰጠሁበትን ወበቅ አታንሣብኝ አለችኝ። ከዚያ ስንት ዓመት ሆዷ ውስጥ የኖረውን ወደ አባቷ ዞራ አወጣችው።

“አባቴ፣ አንድ ቀጠሮ እንኳ ቢጨምሩልኝ ምን ነበረበት?”

ጋሽ ይመር መሬቱን በምርኩዛቸው ጫር ጫር አደረጉ።

“ያን ቀን ወበቅ አልነበረም” አሉ በመጨረሻ። “ደረቅ ሙቀት ነበር። ደረቁን እኔ ጋቢ ደርቤ እስከ መግሪብ ሶላት እችለዋለሁ።”

ታዲያ ለምን ሰጡኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን እኔን ከቁብም አልቆጠሩኝ። የሚያዩት እሷን ነው።

“ሽማግሌዎቹ የተደገፉትን ግድግዳ ከጓሮ በኩል ውሃ ስትረጨው የነበረች ማን ናት? ከቦዩ እየቀዳሽ ቸለስ፣ ደግሞ ቸለስ። ግድግዳው ቀዝቅዞላቸው፣ በሙቀቱ ተስፋ ቆርጠው እንዳይነሡብሽ ነው። እነሱ ጭንቅ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። እኔ ሰማሁ። ልጄ ወዳ ነው ብል ስምሽ ይነሣል፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። ይሳቁብኝ፣ ምን ቸገረኝ።”

ዘሀራ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም ስንት ዓመት ያወራሁት ታሪክ እጄ ላይ ሟሟ። ወበቁም፣ ኮቱም፣ የእኔም ብልጠት። ያገባኋት በሙቀት አልነበረም። ለካ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ በፀሐይ ውሃ የምታመላልስልኝ ሴት ነበረች፤ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጭማቂ አልወርድ ብሎኝ ሳለ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ጋሽ ይመር ግን የልጃቸው ማፈር አሳዝኗቸው ነው መሰለኝ፣ ምርኩዛቸውን ወደ ቤቱ ጀርባ ቀሰሩ።

“ደግሞስ የጭቃ ግድግዳ ነው” አሉ። “ሁለተኛ ቀጠሮ ብሰጥ ቤቴን ታፈርሰው ነበር።”